ለቻይናው ንጉሥ የተቀቀለ ንፍሮ

ከአሜሪካ ከተመለስኩ ወዲህ ቤቴ ሰው አላጣም። እንኳን ደህና ገባሽ ሊለኝ የመጣ ሁሉ ቁጭ ብሎ «እስቲ አጫውችን» ይላል፤ እኔም አጫውታለሁ። ችግሩ የመጣው ሲደጋገም ነው። ለአንዷ አውሮፕላኑን አስረዝሜ ሙዚየሙን አሳጠርኩ። ለሌላዋ ሙዚየሙን ነግሬ የጫማዬን ጉዳይ ዘለልኩ። በኋላ የእድራችን ሴቶች ተገናኝተው ሲያወሩ «ለእሷ የነገርሽውን ለኔ ለምን ደበቅሽኝ?» የሚል ክስ ቀረበብኝ። እውነታቸውን ነው። በእድር ድንኳን ውስጥ ለሀብታሙም ለድሀውም አንድ ዓይነት ወጥ ይውጣ ብዬ ስንቱን የተጣላሁ ሴት በወሬ ማዳላት አያምርብኝም። ስለዚህ አንድ ጊዜ ጽፌ ጨረስኩ። ጎደለብኝ የምትል እዚሁ ታንብብ፤ ዓይኗ የደከመ ልጇን ታስነብብ። እኔ የተማርኩት እስከ አምስተኛ ክፍል ነው፤ ፊደል ብስት በዚያ አትፍረዱብኝ።

የሄድኩት ለሽርሽር አልነበረም። እንደምታውቁት ሲያትል በሚባል ከተማ ሁለት ሴቶች ልጆች አሉኝ። ትልቋ አልማዝ ሆስፒታል ትሠራለች። ታናሿ ሂሩት የኮምፒውተር ሥራ ነው የምትሠራው። አባታቸው ሽፈራው ዓምና ሲያርፍ መርዶው ተበላሸ። መርዶ እንዴት እንደሚነገር መቼም ለእናንተ አላስረዳም፤ ገና ሳይነጋ፣ ሰው ተሰብስቦ፣ በር ተንኳኩቶ፣ ስትወድቂ የሚይዝሽ ክንድ በግራም በቀኝም ቆሞ ነው። አልማዝ ቀድማ ሰማች። ሂሩት በዚያ ሰሞን አዲስ ሥራ ጀምራ ስለነበር «ትንሽ ትረጋጋ» ብላ ደበቀቻት። መደበቁ ወግ ነው፤ እኛም እንደብቃለን። በዚህ መሀል ግን አንድ የማይረባ ዘመዳችን የሽፈራውን ፎቶ ከሻማ ጋር አድርጎ ፌስቡክ ላይ ለጠፈው። ሂሩት የአባቷን ሞት ያየችው በመሥሪያ ቤቷ ምሳ ቤት ውስጥ፣ ትሪ ይዛ ተሰልፋ ነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እኅቷን አላናገረቻትም። የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ገብተው አልሆነም። ሁለቱም በየቤታቸው ተቀመጡ፣ በየቤታቸው ተዝካር አወጡ፣ ለኔም በየተራ ደውለው አንዷ ሌላዋን ከሰሰች። ይህን ሳላስተካክል ብሞት የኔንም መርዶ ከፌስቡክ ነው የሚሰሙት አልኩና ተነሣሁ።

ቅዳሜ

ከደብረ ብርሃን በጧት ወጣሁ። ከሻንጣዬ አንዱን ጎን ስንዴና ሽምብራ ሞላሁት። ምክንያት አለኝ። አልማዝ በስልክ «እማዬ፣ የጥንት የቻይና ነገሥታት መቃብር ዕቃ ሙዚየም ውስጥ አለ፤ ስትመጪ እናሳይሻለን» ብላኝ ነበር። ንጉሥም ይሁን ቻይናም ይሁን መቃብር መቃብር ነው። ሟቹ ከሞተ ስንት ሺህ ዓመት ቢሆነው እኔ ገና መሄዴ ነው፤ ባዶ እጄን አልሄድም። ጥቁር ቀሚሴንም ከታች አጥፌ አስቀመጥኩ።

አውሮፕላኑ ላይ ከወልቂጤ የመጣች አንዲት ሴት አጠገቤ ተቀመጠች። ደግ ሴት ናት፤ ቀበቶዬን አሰረችልኝ፣ ምግቡ ሲመጣ የትኛው በግ የትኛው ዶሮ እንደሆነ አሸትታ ነገረችኝ። ምግቡ ሁሉ በትንንሽ ሳጥን ነው። ዳቦው ለብቻ፣ ቅቤው ለብቻ፣ ጨው እንኳ ለብቻው ተጠቅልሎ። አንድ ነገር ግን ወደድኩ፤ ሁሉም ሰው እኩል ነው የተሰጠው። ወዲያው ግን ከመጋረጃው ወዲያ ያሉት በሸክላ ሳሕን እንደሚበሉ አየሁና መውደዴን ተውኩት።

የጫማው ጉዳይ ይኸውላችሁ። እግሬ ሲያብጥብኝ ጫማዬን አውልቄ ተኛሁ። አውሮፕላኑ ወደ ፊት ሲያዘነብል ጫማዬ ተንሸራቶ ሄደ። ስነቃ የለም። የወልቂጤዋ ሴት ከወንበር ሥር ገብታ አንዱን አገኘችው። ሁለተኛው ከመጋረጃው ወዲያ፣ በሸክላ ሳሕን ከሚበሉት መሀል ተገኘ። አስተናጋጇ በሁለት ጣቷ አንጠልጥላ ስታመጣልኝ «እሱስ የሚገባውን ቦታ አውቋል» አልኳት። አልገባትም፤ ፈገግ አለች።

እሑድ

ሲያትል ስንወርድ ሻንጣችንን ያስከፍቱን ጀመር። ፈታሹ ስንዴዬንና ሽምብራዬን አወጣ። የወልቂጤዋን ሴት ሻንጣ ሲከፍት ደግሞ አንድ ከረጢት ሽሮ አገኘና አሽትቶ፣ አስነጥሶ መለሰላት። የኔን ወደ ጎን አደረገው። አማርኛ የምትችል ሠራተኛ ጠሩልኝ።

«እማማ፣ ዘር ማስገባት አይፈቀድም» አለችኝ።

«ዘር አይደለም፣ ሽምብራ ነው።»

«ቢዘሩት ይበቅላላ።»

«እኔ ልቀቅለው ነው ያመጣሁት። የሷስ ለምን ገባ?»

«የሷ ሽሮ ነው።»

«ሽሮ ምንድን ነው? ሽምብራ ተፈጭቶ አይደለም? የተፈጨው ይገባል፣ ሙሉው ይታሰራል? አሁን ይህ ፍርድ ነው? ወይ ሁለታችንንም ከልክሉ ወይ ሁለታችንንም አስገቡ በይው።»

የወልቂጤዋ ሴት «ኧረ ባክሽ እቴ፣ እኔን አትጨምሪኝ» ብላ ሽሮዋን ታቅፋ ሮጠች። ፈረድኩላት። ሠራተኛዋ ለፈታሹ ምን እንዳለችው አላውቅም፤ ከልቡ ሳቀ፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ይቅርታ ጠየቀኝ፣ ሽምብራዬን ግን አልመለሰም። ሰው እየሳቀ ሲወስድብሽ ደግሞ መናደድ እንኳ አይመችም።

መውጫው ላይ ሁለት ምሰሶ አለ። አልማዝ ከነባሏና ከነልጇ በአንዱ ሥር፣ ሂሩት ለብቻዋ በሌላው ሥር ቆመዋል። ሁለቱም አበባ ይዘዋል፤ አንዷ ቀይ፣ አንዷ ቢጫ። ልጅን ከልጅ ማስቀደም ስለማልወድ ሻንጣዬን አቁሜ፣ ሁለት ክንዴን ዘርግቼ፣ መሀል ላይ ቀጥ አልኩ። ከኋላዬ ሰው ይገፋኛል፣ እኔ ንቅንቅ አልልም። በመጨረሻ ሁለቱም መጡ። አንዷ በቀኝ ትከሻዬ፣ አንዷ በግራ ትከሻዬ ፊቷን ቀብራ አለቀሰች። አንዷ የሌላዋን እጅ እንዳትነካ ግን ሁለቱም ተጠንቅቀዋል። ጀርባዬ ላይ እጃቸው ሲሸሽ ይሰማኛል።

«ወደ ማን ቤት ነው የምሄደው?» ስል ሁለቱም እኩል «እኔ ጋ!» አሉ። በየተራ አድራለሁ አልኩ፤ በታላቅነት አልማዝ ትጀምር።

ሰኞ

አልማዝ የምትኖረው ሾርላይን ነው። ጸጥ ያለ ሰፈር ነው፤ ቤቱ ሁሉ በዛፍ ተከቧል። ሰው ስለ ሲያትል ብርድ ብዙ አስፈራርቶኝ ነበር። የደብረ ብርሃንን ውርጭ የለመደ ሰው እዚያ በነጠላ ይንጎራደዳል። ዝናቡም ዝናብ አይባልም። የኛ ዝናብ ሲመጣ ያስጠነቅቃል፣ ያንጎደጉዳል፣ ወርዶ ያልፋል። የነሱ ጧትም ማታም ዝም ብሎ ያለቅሳል፤ እንደ ልጆቼ፣ አያቆምም፣ ምን እንደፈለገም አይናገርም።

የአልማዝ ባል ተክሌ ወላጆቹ የአሥመራ ሰዎች ናቸው፤ እሱ ያደገው አዲስ አበባ፣ ሥራው አውቶቡስ መንዳት ነው። ልጃቸው ሊያ አሥር ዓመቷ ነው። በአማርኛ ብጠይቃትም በእንግሊዝኛ ትመልሳለች፤ አንገቷን ስለምትነቀንቅ ግን ይገባኛል። ጧት ስነሣ ተክሌ ወጥ ሲሠራ አገኘሁት።

«እማማ፣ ይቀመጡ። ቁርሱን እኔ ነኝ የማቀርበው።»

«አልማዝስ?»

«ቅዳሜ ደብል፣ ሁለት ፈረቃ አከታትላ ሠርታለች። ትተኛ።»

ወጡ ጨው በዝቶበታል። ያም ሆኖ ወጥ ሁለት ጊዜ አስጨመርኩ፤ ለሚስቱ እንቅልፍ ብሎ የሚያበስል ወንድ መበረታታት አለበት።

አልማዝ ስትነሣ ስለ ሂሩት ጠየቅኳት። ሳሕን እያጠበች ነበር። «እማዬ፣ እኔ እሷን ብዬ ነው። ሥራዋን እንዳታጣ ብዬ ነው። ሶ ጥፋተኛ ከሆንኩ ኦኬ፣ ጥፋተኛ ነኝ» አለችና የታጠበውን ሳሕን እንደገና አጠበችው። ይህች ልጅ አባቷ ከሞተ ወዲህ ስታለቅስ አየሁ የሚል ሰው አልገጠመኝም። አውሮፕላን ማረፊያ ያለቀሰችውም ለኔ ነው፤ የናፍቆትና የሐዘን እንባ እለያለሁ።

ማክሰኞ

ሂሩት መጥታ ወሰደችኝ። ከደጅ መኪናዋን ፓርክ አድርጋ ጥሩንባ ነፋች እንጂ አልገባችም። የእኅቷን ደፍ ላለመርገጥ በዝናብ ጥሩንባ የምትነፋ ልጅ ወለድኩ።

ቤቷ ሬድመንድ ነው፤ ሰፈሩ የሷን የመሰለ ሥራ የሚሠራ ሰው የሞላበት ነው። ቤቱ ንጹሕ ነው፣ አዲስ ነው፣ አንድ ወንበር ላይ እንኳ ሰው የተቀመጠበት አይመስልም። ከሥራ እስክትመለስ ብቻዬን ቀረሁ። እኩለ ቀን ላይ ከሶፋው ሥር አንድ ድስት ክዳን የሚያህል ነገር ወጥቶ መሬት ለመሬት እየዞረ ማጉረምረም ጀመረ። ወንበር ላይ ወጣሁ። ወንበሩን ዞረው። በትራስ መታሁት፤ ግድም አልሰጠው። በኋላ የነጠላዬን ጥለት ጎርሶ ይጎትት ገባ። ሂሩት ስትመጣ እኔ ወንበር ላይ፣ ነጠላዬ ግማሹ በሱ አፍ ውስጥ ነን።

«እማዬ! የኤሌክትሪክ መጥረጊያ እኮ ነው!»

«መጥረጊያ ከሆነ ማን ነው የያዘው?»

ወለሉ ላይ ተቀምጣ እስክታነባ ሳቀች። ከዚያ ሳቁ ወደ ሌላ ዞረባትና ጉልበቴ ላይ ተደፋች። «ትሪ ይዤ ነው ያየሁት እማዬ። ድንች ነበር ያዘዝኩት። ከኋላዬ ያለው ሰው ‹ትቀድሚያለሽ ወይስ ልለፍ?› አለኝ። እኔ የአባዬን ፎቶ እያየሁ ‹እለፍ› አልኩት። እሷ ግን ሦስት ቀን ሙሉ እያወቀች በስልክ ‹ሥራ እንዴት ነው?› ትለኝ ነበር።»

ይህም እውነት ነው። ለአልማዝ ስሰማ አልማዝ እውነት አላት፤ ለሂሩት ስሰማ ሂሩት። ዳኝነት እንዲህ ሲሆን አልወድም። ማታ ያቀረበችልኝን ዓሣ ስበላ አጥንቱ ብቻ ሳይሆን ፍርዱም ጉሮሮዬ ላይ ቆመ።

ረቡዕ

የተወሰደብኝን ሽምብራ ለመተካት ተክሌ ዋይት ሴንተር ወሰደኝ። እዚያ ከየአገሩ የመጡ ሰዎች ትንንሽ ሱቅ አላቸው። የገባንበት የወይዘሮ ለተብርሃን ነው። ለተብርሃን የአሥመራ ተወላጅ፣ በኔ ዕድሜ ያለች፣ አማርኛዋ ትግርኛ ትግርኛ የሚል ሴት ናት። ተክሌን እንደ ልጇ ነው የምታየው።

«ለምንድን ነው ስንዴና ሽምብራ አንድ ላይ?» አለችኝ ዓይኗን ጠበብ አድርጋ። «ማን ሞተ?»

«የቻይና ንጉሥ።»

«መቼ?»

«ቆይቷል።»

ተክሌ ነገሩን አስረዳት። ለተብርሃን የሚዛኑን ሳሕን አስቀምጣ አየችኝ። እብድ ናት የምትል መስሎኝ ነበር፤ «ለንጉሥ ከሆነ ታዲያ ይህ ሽምብራ ትንሽ ነው፣ ትልቁን ውሰጂ» ብላ ከውስጥ ሌላ ከረጢት አወጣችልኝ። ገንዘብ ባወጣ እጄን መታችኝ። እንዲህ ተዋወቅን።

ንፍሮውን በአልማዝ ምድጃ ቀቀልኩ። እየበሰለ ሳለ ሁለት ስልክ ደወልኩ። ለሂሩት «ነገ ሙዚየም ልሄድ ነው፣ አልማዝ ሥራ አይታጣትም፣ አንቺ እዚያው በሩ ላይ ጠብቂኝ» አልኳት። ለአልማዝ ደግሞ «ሂሩት እንደሆነች ሁልጊዜ ስብሰባ አላት፣ አንቺ ውሰጂኝ» አልኳት። አንዱም ቃል ሐሰት አይደለም። አልማዝ ሥራ አይታጣትም፤ ሂሩትም ሁልጊዜ ስብሰባ አላት።

ሐሙስ

ጥቁር ቀሚሴን ለብሼ ነጠላዬን አዘቀዘቅኩ። አልማዝ ስታየኝ «እማዬ፣ ምን ሆነሻል? ሙዚየም እኮ ነው የምንሄደው» አለች። «የሰው መቃብር አይደለም?» አልኳት። ንፍሮው በክዳን ሳሕን፣ ሳሕኑ በዘንቢል፣ ዘንቢሉ በክንዴ ነው።

የሙዚየሙ በር ላይ ሂሩት ቆማለች። ሁለቱ ሲተያዩ ሁለቱም ዞረው እኔን አዩኝ። እኔ ጣሪያውን አየሁ። መቼም ጥሩ ጣሪያ ነው።

ከመጣላታቸው በፊት ግን ጥበቃዋ አዳነችኝ። ሸምገል ያለች፣ ዘሯ ከቻይና የሆነ ሴት ናት። ዘንቢሌን ከፍታ ሳሕኑን አየች፣ ክዳኑን አነሣች። አልማዝ አንገቷን ደፋች። «እማዬ፣ ንፍሮ ይዘሽ ሙዚየም መጣሽ?» ስትል ሂሩት ሳታስበው ፕፍ ብላ ሳቀች። አልማዝም ልትስቅ ነበር፤ ማን እንደሳቀ ስታይ ዋጠችው።

«ምግብ አይገባም ትላለች» አለች አልማዝ።

«ንጉሡ ከነድስቱ ተቀብሮ የለም እንዴ? የሱ ድስት መስታወት ውስጥ ይቀመጣል፣ የኔ ደጅ ይቀራል? ለምን እንዳመጣሁት ንገሪልኝ። ለለቅሶ እንደሆነ ንገሪያት።»

አልማዝ እያፈረች ነገረቻት። ጥበቃዋ ፊቷ ተለወጠ። አንድ ጊዜ ነጠላዬን፣ አንድ ጊዜ ንፍሮውን አየችና ዝግ ብላ ተናገረች። የሷም አያት ወደ መቃብር ሲሄዱ ብርቱካንና ሩዝ ይዘው ነበር የሚሄዱት አለች። ሕግ ግን ሕግ ነውና አላስገባችውም፤ ከራሷ ወንበር ኋላ አስቀምጣ፣ ማንም እንዳይነካው ኮቷን ደረበችበት። እንዲህ ያለውን ክልከላ እቀበላለሁ።

ስለ ዕቃው ብዙ አልጽፍም። ግን የወይን ማሰሮ አለ፣ ከነሐስ የተሠራ፣ ሦስት ሰው የማያነሣው። ደወል አለ፤ አንድ አይደለም፣ ከትልቅ እስከ ትንሽ እንደ ልጆች ተሰልፎ የተሰቀለ። አንድ ንጉሥ ለብሶት የተቀበረ፣ ጄድ ከሚባል አረንጓዴ ድንጋይ ተቆራርጦ በወርቅ ክር የተሰፋ ልብስ አለ። ሽፈራው ልብስ ሰፊ ነበርና ስፌቱን በሱ ዓይን አየሁት። ክንዱ ጋ ትንሽ ጠብቦታል። «አባታችሁ ቢያየው ይፈታው ነበር» ስል በቀኝም በግራም ያሉት ልጆቼ ባንድ ጊዜ «ይፈታው ነበር» አሉ።

ቀጥሎ የደወሉ ባለቤት የሆነው የሌላው ንጉሥ መቃብር ሥዕል ግድግዳው ላይ አለ። መሀል ላይ ትልቅ ሣጥን፣ ዙሪያውን ብዙ ትንንሽ ሣጥን። አስጎብኚዋን ትንንሾቹ ምንድን ናቸው አልኳት። አልማዝ ተረጎመችልኝ፦ ሴቶች ናቸው፣ ዘፋኞችና ደወል መቺዎች፤ ንጉሡ ሲሞት እዚያ ሄዶ እንዳይሰለቸው አብረውት ተቀበሩ።

«ሞተው ነበር?»

«ለሱ ብለው ነው የገደሏቸው እማዬ።»

«ስማቸው የታለ?»

«አይታወቅም ትላለች።»

የማሰሮው ስም ተጽፏል። ማሰሮው ምን ይያዝበት እንደነበረ፣ ማን እንዳሠራው ተጽፏል። ደሜ ፈላ። «እናቶቻቸውስ? ልጄ ልትዘፍን ቤተ መንግሥት ሄደች ብላ የምትጠብቅ እናት አለች። መርዶውን ማን ነገራት? ጠይቂያት።»

አልማዝ ልትተረጉም አፏን ከፈተች። ሆስፒታል ውስጥ ስንቱን ለስንቱ የምታስተረጉም ልጅ ቆመች። ሂሩት ስልኳን ትታ ከጎን መጥታ ጨረሰችላት። አስጎብኚዋ አሰብ አድርጋ «የጻፈ የለም። ምናልባት ማንም አልነገራቸውም» አለች።

አልማዝ መስታወቱን ይዛ ቆማለች። ከዚያ ማንም ሳይጠይቃት፣ ወደ ማንም ሳትዞር ተናገረች። «እኔንስ ማን ነገረኝ? ሆስፒታሉ ፓርኪንግ ውስጥ ነበርኩ። አጎቴ ነው ኮል ያደረገው። ‹አባትሽ አርፏል፤ ለሂሩት ሰው ሰብስበሽ በወግ ንገሪያት› አለኝ። ለኔ ማን ሰበሰበ? መኪናው ውስጥ ብቻዬን ሰማሁ፤ ቆልፌ ተመልሼ ሥራ ገባሁ። ሰው የሚሰበሰበው ላልሰማ ነው። እኔ ሰምቻለሁ።»

ያን ሰሞን እኔ ከለቅሶው ፍራሽ ላይ ነበርኩ፤ ማን ለማን እንደደወለ የሚጠይቅ አእምሮ አልነበረኝም። ሂሩትም ይህን ሰምታ አታውቅም። «ለምን አልነገርሽኝም?» አለቻት። ዓመት ሙሉ ያልተነጋገሩ ልጆች የመጀመሪያ ቃላቸው ይኸው ነው። አልማዝ ደግሞ «ጠይቀሽኝ ታውቂያለሽ?» አለቻት። ዕርቅ አልነበረም፤ ጠብም ግን ከዝምታ ይሻላል።

በኋለኛው ክፍል ከሸክላ የተሠሩ ሰዎች አየን። የኋላዎቹ ነገሥታት ሰው መግደሉን ትተው የሸክላ አሻንጉሊት ያስቀብሩ ጀመር አሉን። ዘግይተውም ቢሆን ማስተካከላቸው ደስ አለኝ። የተበላሸ ወግ እንደሚስተካከል ያየሁት እዚያ ነው። ምን እንደማደርግም ያኔ ቆረጥኩ።

ስንወጣ ጥበቃዋ ዕረፍቷ ደርሶ ነበር። ንፍሮውን ይዛልን ወጣች፤ ሽልጦ የመሰለ ጣፋጭ ከቦርሳዋ ጨምራ አግዳሚ ወንበር ላይ አራታችን ተቀምጠን በላን። ለንጉሡ አንድም ፍሬ አልተነሣለትም። ለሴቶቹ ግን ጥቂት ሣሩ ላይ በተንኩ። ቁራ መጥቶ በላው፤ ጥበቃዋ አይታ እንዳላየች ሆነች።

ዓርብ

ሐሙስ ማታ ሂሩት አልማዝ ቤት አድርሳኝ፣ ዘንቢሌን ይዛልኝ ደፉን ተሻግራ ገብታ፣ ልትሄድ ስትል የመኪናዋ ቁልፍ ጠፋ። ሶፋው ተነሣ፣ ምንጣፉ ተገለጠ፣ ሊያ አልጋ ሥር ገባች፣ ተክሌ የቆሻሻውን ቅርጫት ገለበጠ። አልተገኘም። አድካሚ ነገር ነው፤ እኔ እንኳ እየቆምኩ እየተቀመጥኩ ፈልጌያለሁ። በመጨረሻ ሂሩት እየተነጫነጨች ሶፋው ላይ ተኛች። ቁልፉ መቀነቴ ውስጥ ተቋጥሯል፤ ሲወጋኝ አደረ።

ለለተብርሃን ቀድሜ ደውዬላት ነበር፤ ለተክሌም ሌሊት በጆሮው ነግሬዋለሁ። ዓርብ ገና ጎህ ሳይቀድ በሩ ተንኳኳ። ለተብርሃን፣ ባሏና ሁለት የቤተ ክርስቲያን ሴቶች ጥቁር ለብሰው፣ ነጠላ አዘቅዝቀው፣ ምንም ሳይናገሩ ገቡ። ተክሌ አልማዝን ቀስቅሶ ከሂሩት አጠገብ አስቀመጣት። ሴቶቹ በዚህም በዚያም ቆሙ።

ሂሩት ዓይኗን እያሸች «እማዬ፣ አሁን ደግሞ ምን እየሠራሽ ነው?» አለች።

ከፊታቸው ቆምኩ። አውቀውታል፣ ተዝካሩን አውጥተዋል፣ ዓመት አልፎታል። ቢሆንም በወግ አልሰሙም።

«ልጆቼ» አልኳቸው፣ «አባታችሁ ሽፈራው አርፏል።»

አልማዝ ልትስቅ የፈለገች ያህል አየችኝ። ከዚያ ወደቀች። ለተብርሃን ደርሳ ሳትይዛት ሂሩት ያዘቻት። «አባዬ!» የሚለው የአልማዝ ድምፅ፣ ዓመት ሙሉ ያ መኪና ውስጥ ተቆልፎ የነበረው፣ ያን ጸጥ ያለ ሰፈር ከዳር እስከ ዳር ቀሰቀሰው። ሂሩት ተከተለቻት። እኔም፣ ያልኩት ሁሉ ለነሱ ነው ብዬ አስቤ ነበር፤ ከነሱ ብሼ አለቀስኩ። ሊያ ወርዳ መጥታ ሦስታችንን ባንድ ጊዜ ለማቀፍ ሞከረች፤ እጇ አልደረሰም።

በሩ እንደገና ተንኳኳ። ከጎን ያለው ጎረቤት ነው፤ ሽማግሌ ነጭ ሰውዬ፣ በሌሊት ልብሱ ላይ የዝናብ ካፖርት ደርቦ፣ ሰው እየታረደ መስሎት ውሻውን ይዞ መጥቷል። ተክሌ የሚስቱ አባት መሞታቸውን ነገረው። ሰውዬው ኮፍያውን አወለቀ። ለተብርሃን እንደ ማንኛውም ለቀስተኛ እጁን ይዛ አስገብታ አስቀመጠችው፣ የተረፈውን ንፍሮ በጭብጡ ሰጠችው። እሱም ሳይጠይቅ አንድ አንድ ፍሬ እያደረገ በላ፤ ለውሻውም አካፈለ። ካካፈለ በኋላ ቀና ብሎ ተክሌን አንድ ነገር ጠየቀው።

ተክሌ ምን እንደሚመልስ ግራ ገባው። «እማማ፣ ‹መቼ ነው የሞቱት?› ይላል። ምን ልበለው?»

ልጆቼን አየሁ። አንድ ጋቢ ተከናንበው፣ ራስ ለራስ ተደጋግፈው፣ ያንዷን አፍንጫ ሌላዋ ትጠርጋለች።

«ዛሬ ጧት በለው» አልኩት።